ባቡሩ ሞልቷል፤ ፈጣኑ ባቡር ግን የት ደረሰ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ክሩን፣ ማለትም ውይይቱን፣ የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች፣

የዘመድ ልጅ ክርስትና አለብኝና ወደ ኒውዮርክ የባቡር ትኬት ስፈልግ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለው በሙሉ አልቋል። የተረፈውም ዋጋው የአውሮፕላን ነው። ድሮ እኮ አምትራክ፣ የአሜሪካ የተሳፋሪ ባቡር ድርጅት፣ ማለት ፈረንጅ ጡረተኛ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚያነብበት ነገር ነበር። ምን መጣ ብዬ ሳነብ በ2025 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የበጀት ዓመት 34.5 ሚሊዮን ሰው አሳፍሯል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 32.8 ሚሊዮን ነበር፤ እሱም በጊዜው ክብረ ወሰን ተብሎለታል። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2021፣ 12.2 ሚሊዮን ላይ ወርዶ የነበረ ድርጅት ነው እንግዲህ።

ነሐሴ 2025 ላይ ደግሞ የአምትራክ ፈጣን ባቡር፣ አዲሱ አሴላ፣ ሥራ ጀመረ፣ በሰዓት 160 ማይል ይበርራል ሲባል ደስ ብሎኝ ሰሌዳውን ብከፍተው ከዲሲ ኒውዮርክ ያው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው! መንገዱ 225 ማይል ቢሆን ነው። ለ160 ስታካፍለው ሦስት ሰዓት አይመጣም፤ ሒሳብ አልረሳሁም። የገባው ያስረዳኝ። ለመሆኑ እንደ ጃፓኑ ዓይነት ባቡር በዚህ አገር በእኛ ዕድሜ እናያለን?

ሐዲድ ተከታይ (ባልቲሞር)

ሒሳብህ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ማስታወቂያው ነው።

160 ማይል የሚሮጠው የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከትሬንተን ወደ ኒው ብረንዝዊክ ባለው ቀጥ ያለ ሐዲድ፣ ከዚያ ሮድ አይላንድና ማሳቹሴትስ ውስጥ። ሌላው ቦታ ላይ ባቡሩ አዲስ ቢሆንም ከሥሩ ያለው አሮጌ ነው። እኔ የምኖርበትን ባልቲሞርን ውሰድ። ከፔን ስቴሽን በስተደቡብ ከከተማው ሥር የሚያልፈው ዋሻ የተሠራው በ1873 ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ ከተቀቡ ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው። ዋሻው ጠባብ፣ ጠምዛዛ፣ ውኃ የሚያስገባ። ማንኛውም ባቡር፣ አሴላም ይሁን ማርክ (የሜሪላንድ የሠራተኛ ባቡር)፣ እዚያ ሲደርስ ወደ 30 ማይል ይወርዳል። ከዋሻው በፊት ፍጥነት መቀነሻ፣ ከወጣ በኋላ መልሶ ማፍጠኛ ጊዜ ጨምርበት። ይኼ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ማነቆ በመስመሩ ላይ በየቦታው አለ፤ ደቂቃህን ቀስ በቀስ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ከዲሲ እስከ ኒውዮርክ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ በአብዛኛው በ1930ዎቹ የፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ኩባንያ የሰቀለው ነው። የዛሬው ዘመን ሽቦ በክብደት እየተሳበ ሁልጊዜ ወጥሮ ይይዛል፤ የድሮው ግን ሲሞቅ ይረግባል። በበጋ ሐሩር ባቡሩ እንዲቀንስ የሚታዘዘው፣ አንዳንዴም ሽቦ ተበጥሶ መስመሩ ሁሉ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ለዋሻው መተኪያ እየተሠራለት ነው፤ በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የሚጠራ፣ ከ100 ማይል በላይ የሚያስኬድ። ግን ወደ 2035 ጠብቅ።

ቢጫ ታክሲ

ስለዚህ መጀመሪያ ባቡሩን ገዝተው ሐዲዱን በኋላ እናስብበታለን ብለዋል ማለት ነው። ቡናው ሳይቆላ ስኒ መደርደር።

እኔ ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን ጣሪያ ላይ ካለው ፓርኪንግ የሚነሳውን አውቶቡስ ነው የምይዘው። በአሴላ አንድ ወንበር ዋጋ ቤተሰቤን ይዤ ሄጄ እመለሳለሁ። ፈጣን ባቡር፣ ፈጣን ባቡር ትላላችሁ፤ ለማን ነው? ለዲሲው የኬ ስትሪት ሀብታም ጠበቃ ነው።

ጋሽ መ.

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ሜትሮላይነር የሚባል ባቡር ነበር። ከዲሲ ኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያደርሰን ነበር፤ ወንበሩም ሰፊ፣ ሲጋራም ይጨስበት ነበር (እሱስ ቀረ ተመስገን)። አሁን አዲስ ተባለና በሦስት ሰዓት ወሰደን ሲባል ምን ልበል። ዓርባ ዓመት!

ሐዲድ ተከታይ

ጋሼ፣ ከዚያም የባሰ አለ። ሜትሮላይነር ሥራ የጀመረው በ1969 ነው። በዚያው ዓመት በመካከል ሳይቆም በሁለት ሰዓት ተኩል የሚደርስ ጉዞም ነበረው። አምትራክ ራሱ የተመሠረተው በ1971 ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ ከድርጅቱ በዕድሜ ይበልጣል።

ለንጽጽር፦ ማድሪድ ባርሴሎና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ይደረሳል። የእኛው ዲሲ ኒውዮርክ 364 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ ስፔኖች ለፈጣኑ ባቡር ለብቻው ሐዲድ አነጠፉለት። ጃፓንም በ1964 ያደረገችው እሱን ነው። እዚህ አሴላው፣ የማርኩ፣ የኒው ጀርሲው፣ የሎንግ አይላንዱ የሠራተኛ ባቡር ሁሉ እየተጋፉ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ኮኔቲከት ላይ ከኒው ሄቨን ወደ ኒውዮርክ ያለው ሐዲድ የአምትራክ እንኳ አይደለም፤ እዚያ አሴላው የሰው ቤት እንግዳ ነው።

@ቢጫ ታክሲ፦ የዋጋውን ነገር አልከራከርህም። ግን ሁሉም ባቡር አሴላ አይደለም። ተራው ሰው የሚሳፈርበት ሪጅናሉ ነው፤ ከአሴላው የሚዘገየው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አስቀድመህ ከቆረጥክ ወይም በሌሊት ከሄድክ ከአውቶቡሱ ብዙ አይበልጥም። ዋጋው የሚሰቀለው ሲሞላ ነው፤ ልክ እንደ አየር መንገድ።

ማርታ ኤም. (አሌክሳንድሪያ)

እኔ የምለው፣ ሁላችሁም ስለ አሴላ ታወራላችሁ፤ ሰው የጨመረው ግን እዚያ ብቻ አይደለም እኮ። እኛ ቨርጂኒያ ውስጥ ማንም "ፈጣን" ብሎ በማይጠራው ባቡር ነው የምንሄደው።

ነገሩን ላስረዳ። ከ750 ማይል በታች ለሆነ መስመር ወጪውን የሚሸፍነው ስቴቱ ነው፤ ኮንግረስ በ2008 ያወጣው ሕግ ነው። ብዙ ስቴት ይኼን እንደ ዕዳ ሲያየው ቨርጂኒያ ሳትገደድ በ2009 ወደ ሊንችበርግ አንድ ባቡር ጀመረች። ሰው ይጠላዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ሞላ። በ2012 ኖርፎክ ቀጠለ፤ በ2017 ሮአኖክ። ከዚያ በ2019 ስቴቱ ከሲኤስኤክስ፣ ከጭነት ባቡሩ ኩባንያ ማለት ነው፣ መሬቱንና ሐዲዱን ለመግዛት ተስማማ። ከሌላው ሥራ ጋር 3.7 ቢሊዮን ዶላር። ለምን መሰላችሁ? የጭነት ባቡር ባለቤት በሆነበት ሐዲድ ላይ ተሳፋሪ ባቡር መጨመር ማለት ሁልጊዜ ደጅ መጥናት ስለሆነ ነው።

አሁን የቀረው ማነቆ ሎንግ ብሪጅ ነው። በቢጫው መስመር ሜትሮ ፖቶማክን ስትሻገሩ ከጎናችሁ የምታዩት ያ ዝገታም የብረት ድልድይ። በ1904 የተሠራ፣ ሁለት ሐዲድ ብቻ ያለው። አምትራክም፣ ቪአርኢም (የቨርጂኒያ የሠራተኛ ባቡር)፣ ጭነቱም በዚያ ነው የሚያልፈው። ከደቡብ ወደ ዲሲ በባቡር መግቢያው እሱ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ለተሳፋሪ ብቻ የሚሆን ሌላ ድልድይ በ2024 ጥቅምት ላይ ሥራው ተጀምሯል። እሱ ሲያልቅ ከአሌክሳንድሪያ በየሰዓቱ ባቡር ይኖራል ይላሉ። ለእኔ ከ160 ማይሉ ይልቅ ይኼ ነው የሚያጓጓኝ። ባቡር ካመለጠኝ የሚቀጥለውን ጠብቄ መሄድ ከቻልኩ ፍጥነቱ ግድ የለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር። ከሪችመንድ ወደ ኒውዮርክ የሄደ ያውቀዋል፤ ዩኒየን ስቴሽን ሲደርስ መብራቱ ድርግም ይላል፣ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፣ ሰው ስልኩን አብርቶ ይቀመጣል። የናፍጣውን ሎኮሞቲቭ ፈትተው የኤሌክትሪኩን ሲቀጥሉ ነው። ምክንያቱም ሽቦው ከዲሲ ወደ ደቡብ አይወርድም። ያንን ያህል ጊዜ ቆመን ምንም አንሄድም። እሱን ማስቀረት ብቻ ራሱ "ፈጣን ባቡር" ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ማርቲ፣ እሱን መጥፋት እኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። 😄

ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ሰው ይኼን ያህል ከፈለገ ለምን ፉርጎ አይጨምሩም? ስምንት ፉርጎ ያለውን አሥራ ሁለት ማድረግ ዋሻ አይፈልግም።

ሲያትል 206

የለማ! የሚጨመር ፉርጎ የለም።

እኛ ጋ ካስኬድስ የሚባለው የሲያትል ፖርትላንድ ባቡር አለ። መጋቢት 2025 ላይ ሆራይዘን የሚባሉትን ፉርጎዎች ዝገት በልቷቸዋል ተብሎ ከመስመር አወጧቸው። ባቡሩ የነበረበት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መደቡልን። የባቡር ትኬት ቆርጠህ አይ-5 አውራ ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ትራፊክ ውስጥ መቀመጥን አስበው።

እናንተ ምሥራቅ ጠረፍ የምትሳፈሩበት ያ ክብ ሆድ ያለው የብር ቀለም ፉርጎ፣ አምፍሊት የሚባለው፣ ከ1975 ጀምሮ የተሠራ ነው። ደርግ ንጉሡን ካወረደ ዓመት ቢሞላው ነው። የሚገርመው እስካሁን መሮጡ ነው። የሚተካው አይሮ የሚባል ባቡር ሲመንስ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ውስጥ እየሠራው ነው፤ ታዞ የነበረው 83 ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣውም ለእኛ ለካስኬድስ ነው። ማርታ ላነሳሽው ጉዳይም መልስ ነው፤ የምሥራቁ አይሮ ሽቦ ባለበት በሽቦ፣ ሽቦ ሲያልቅ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሳይቀየር ይቀጥላል።

ስለዚህ ትኬት ለምን ተወደደ ላልከው፦ ወንበሩ ያው ነው፣ ፈላጊው በዛ። በዚህ አገር ባቡር ማዘዝና ባቡር ማግኘት መካከል ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። የአሴላው ውል በ2016 ተፈርሞ፣ በ2021 ይመጣል ተብሎ፣ የመጣው ነሐሴ 2025 ነው።

አትላንታ ዲኬተር

እናንተስ ታድላችኋል። አትላንታ የሚያክል ከተማ በቀን አንድ ባቡር! ክሬሰንት ይባላል፣ ከኒውዮርክ ተነስቶ ኒው ኦርሊንስ የሚሄድ። ከዲሲ ማታ ተሳፍረህ ጠዋት ትደርሳለህ፤ ከደረስክ። ሌሊት አንድ ጫካ ውስጥ ቀጥ ይልና የጭነት ባቡር ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል። ማይል የሚያልፍ ርዝመት ያለው ነገር ነው።

በሕጉ ቅድሚያ የተሳፋሪው ነው ይላሉ። ታዲያ ለምንድነው እኛ የምንቆመው?

ሐዲድ ተከታይ

ሕጉ አለ፣ ከ1973 ጀምሮ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ መክሰስ የሚችለው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ብቻ ነው፤ እሱም ስንት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ በ2024 የጭነት ባቡሩን ኩባንያ ኖርፎክ ሳዘርንን የከሰሰው በዚሁ በአንተው በክሬሰንት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሜካኒካል ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ሲገናኝ አንዱ ወደ ጎን መተላለፊያ ገብቶ ይቆማል። የጭነት ኩባንያዎቹ ወጪ ለመቀነስ ባቡሩን እያስረዘሙት ሄደው አሁን መተላለፊያው አይበቃውም። ጅራቱ ውጪ የሚቀር ባቡር እንዴት ብሎ ቅድሚያ ይሰጥሃል? የግድ አጭሩ፣ ማለትም የአንተው፣ ገብቶ ይጠብቃል።

ከዚራ (ድሬ)

አቦ ይኼ ነገር እኛም ጋ አለ እኮ! ስለ አሜሪካ ስታወሩ ዝም ብዬ እያነበብኩ ሳለ የሰማሁት ሁሉ የሰፈሬ ወሬ ሆነብኝ።

የእኛው አዲሱ ባቡር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ አለው፤ ከአዳማ ወዲህ ነጠላ ነው። ገንዘቡን የሚያመጣው ጭነቱ ነው፤ ወደቡ ጅቡቲ ስለሆነ። ተሳፋሪው ይጠብቃላ። ለሰው 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተብሎ ነው የተሠራው፤ ግን ግመል ሐዲድ ላይ ሲተኛ 120ውን የት ታገኚዋለሽ? ሾፌሩ ፍሬን ላይ ነው የሚውለው።

ሌላው ደግሞ ጣቢያው። የድሮው ጣቢያ ከዚራ መሀል ነው፤ ከተማዋ ራሷ በባቡሩ ምክንያት በ1902 የተቆረቆረች ናት፤ ሐረር ተራራ ላይ ሆና ለሐዲድ አልመች ስትል ነው ድሬ የተወለደችው። ከሊቶሪና፣ ከድሮዋ ባቡር፣ ወርደሽ በእግርሽ ቤትሽ ትገቢ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ አዲስ አበባም ለገሃር ቀርቶ ፉሪ ለቡ ሆኗል። ቦሌ የሚኖር ሰው ለቡ እስኪደርስ የሚያባክነውን ሰዓት ባቡሩ ላይ ደምሩበት። እናንተ ጣቢያችሁ ከካፒቶሉ ሥር ነው አሉ። እሱን አትናቁት።

ጋሽ መ.

የድሬው ልጅ፣ ሊቶሪና ስትል አንጀቴን በላኸው። ለገሃር የምሳፈርበት ዘመን ትዝ አለኝ። ግን ልጄ ቁም ነገር ተናገርክ፤ ጣቢያው ያለበት ቦታ የፍጥነቱ ግማሽ ነው። ዱለስ አየር ማረፊያ ለመድረስ የማጠፋውን ጊዜ ብታውቁ።

ሐዲድ ተከታይ

ትክክል። በዲሲና በኒውዮርክ መካከል ከሚበርረውና በባቡር ከሚሄደው ሰው ተደምሮ ከሦስት አራተኛ በላዩ በባቡር የሚሄደው ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀሪው ፍተሻ፣ ሰልፍና ታክሲ። ባቡሩ በፍጥነት አሸንፎ አያውቅም።

ቢጫ ታክሲ

እሺ ለክርክር ያህል ልቀበል። ታዲያ ሰው ፍጥነት ሳይኖርም ወዶ የሚሳፈር ከሆነ፣ ለፈጣን ባቡር ቢሊዮን መከስከስ ምን ያስፈልጋል? ካሊፎርኒያን እዩት። በ2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ፈቀደ። ሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ በ2020 ያልቃል፣ በ33 ቢሊዮን ተባለ። ዛሬ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ነው፤ እየተሠራ ያለው ደግሞ መሀል እርሻው ውስጥ ነው። ሐምሌ 2025 ላይ የፌዴራሉ መንግሥት 4 ቢሊዮኑን ነጠቃቸው። አልፈርድበትም።

ሳን ሆዜ 408

ቢጫ ታክሲ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የተናገርከው። መጀመሪያ መሀል እርሻው ላይ የጀመሩት ከዋሽንግተን የመጣው ገንዘብ ቅድመ ሁኔታው እንደዚያ ስለሆነና መሬቱም እዚያ ሜዳ ስለሆነ ነው። ከባዱ ተራራው ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ዋሻ ይፈልጋል። መሬት ለማግኘትም ከአንድ በአንድ ባለርስት ጋር መሟገት ነበር። ጥፋት የለም አላልኩም፤ ዲዛይኑ ሳያልቅ ሥራ ማስጀመራቸው ብዙ አስከፍሏቸዋል።

ግን በዚሁ ፕሮጀክት ገንዘብ የተደገፈ አንድ ሥራ አልቋል፤ ካልትሬን። ከሳን ፍራንሲስኮ ሳን ሆዜ የሚሄደው አሮጌ የናፍጣ ባቡር መስከረም 2024 ላይ ወደ ኤሌክትሪክ ተቀየረ። ከፍተኛ ፍጥነቱ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ከጣቢያ ሲነሳ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወዲያው ይፈተለካል፣ ናፍጣው እስኪያጉረመርም ይቆይ ነበር። በየጣቢያው የሚተርፈው ደቂቃ ተጠራቅሞ ጉዞው አጠረ። ቅዳሜና እሁድ በየሰዓቱ የነበረው በየግማሽ ሰዓቱ ሆነ። ተሳፋሪው በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊያድግ ምንም አልቀረው። እኔ ራሴ ዘንድሮ መኪናዬን ቤት ማቆም ጀምሬያለሁ፤ የናፍጣ ሽታ ልብሴ ላይ አይቀርም፣ ዋይፋዩም ይሠራል።

የቬጋሱ ሊሞ

ካሊፎርኒያ ካነሳችሁ የእኛን ልንገራችሁ። ብራይትላይን ዌስት። ከቬጋስ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) አጠገብ እስካለችው ራንቾ ኩካሞንጋ 218 ማይል፣ በሰዓት 200 ማይል፣ ሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ሐዲዱ የሚዘረጋው አይ-15 መሀል ላይ፣ በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ጮሌነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሰው መሬት መግዛት አይጠበቅባቸውም፣ ፍርድ ቤት የለም። የግል ኩባንያ ነው፤ ፍሎሪዳ ላይ ማያሚ ኦርላንዶን የጀመሩት እነሱ ናቸው። መንግሥት 3 ቢሊዮን ሰጥቷቸዋል። ሚያዝያ 2024 ላይ የመሠረት ሥነ ሥርዓቱን አደረጉ።

ለኦሎምፒኩ፣ ለ2028 ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አሁን 2029 መጨረሻ ሆኗል። ወጪውም ከ21 ቢሊዮን በላይ ገብቷል። እና እኔም እንደ ቢጫ ታክሲ ሳላይ አላምንም።

ግን ሰው ሁሉ "እናንተ ሾፌሮች ሥራችሁ ይቀራል" ሲለኝ ይገርመኛል። እሁድ ከሰዓት ወደ ኤልኤ የሚመለሰውን ሰልፍ ያየ፣ ከፕሪም እስከ ቤከር መኪና እንደ ጉንዳን ሲንፏቀቅ፣ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሰው በራሱ መኪና ነው የሚመጣው፣ እኛን አይፈልግም። በባቡር ከመጣ ግን ጣቢያው ከስትሪፑ፣ ከካዚኖዎቹ ጎዳና፣ በስተደቡብ ነው፤ ሻንጣ ይዞ በዚያ ሙቀት ወዴት ይሄዳል? እኔ ጋ ነው የሚመጣው። 😁 እዚህ ያለን አበሻ ሾፌሮች ይኼን ባቡር በጉጉት ነው የምንጠብቀው።

ዳላስ ገባዊ

እኛም ጋ ዳላስ ሂውስተን በጃፓን ባቡር ይሠራል ሲባል ጸጉራችን ሸበተ። ሚያዝያ 2025 ላይ የፌዴራሉ ድጋፍ ተሰረዘ፤ 64 ሚሊዮን ገደማ። ነገር ያለቀለት ይመስለኛል። ቀጥሉ።

ዮሲ ኔታንያ

ከእስራኤል ሰላም። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሁሉም ሰው "ፈጣኑ ባቡር" የሚለው የኢየሩሳሌም ቴል አቪቭ መስመር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማይል አይደለም። ለዓለም ፈጣን አይባልም። ግን አሮጌው መስመር በ1892 የተሠራ፣ ሸለቆ ለሸለቆ እየተጠማዘዘ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ነበር። አዲሱ በዋሻና በድልድይ ቀጥ ብሎ ግማሽ ሰዓት ከምናምን። የኢየሩሳሌሙ ጣቢያ ከመሬት በታች 80 ሜትር ነው፤ በአሳንሰር ደረጃው ስትወጣ ጆሮህ ሊደፈን ይደርሳል። እሁድ ጠዋት ወታደሩ ቦርሳውን እያዘለ ሲሳፈር መቆሚያም የለም። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ግን አይሄድም፣ ሰንበት ነው። ዘመድ ጋ ቅዳሜ መሄድ የፈለገ መኪና ይግዛ።

ማርታ ኤም.

ዮሲ ያነሳው ዋናው ነው። ዋሻ ቆፍረው ቀጥ አደረጉት፣ አለቀ። ለዚህ ነው የእኛው፣ ከኒው ጀርሲ በወንዝ ሥር ኒውዮርክ የሚያስገባው የሐድሰን ዋሻ የሚያበሳጨኝ። በ1910 የተሠሩ ሁለት ቱቦዎች፣ በእያንዳንዱ አንድ ሐዲድ። በ2012 ሳንዲ ማዕበል የባሕር ውኃ አስገባባቸው፤ ጨውም ሲሚንቶውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን እስካሁን እየበላው ነው። ለጥገና አንዱን ልዝጋ ቢሉ በሰዓት 24 ባቡር የሚያስገባው ወደ 6 ይወርዳል፤ ምክንያቱም በቀረው አንድ ሐዲድ ሂያጁም መጪውም መፈራረቅ አለበት። ስለዚህ ሌላ ዋሻ ሳይቆፈር አሮጌውን መጠገን አይቻልም። አዲሱ ቁፋሮ 16 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ነው፤ ጥቅምት 2025 ላይ ደግሞ ገንዘቡ ታገደ ተባለ። ፖለቲካ አታምጡ እንዳትሉኝ እንጂ...

አወያይ

ፖለቲካ አታምጡ። 🙂

ቢጫ ታክሲ

አወያይ ደርሰሃል። ማርታ፣ የምትዪው ገብቶኛል። 16 ቢሊዮኑን ለዋሻው ይስጡት፤ እሱን አልቃወምም። እኔ የምቃወመው አፍንጫ ሹል ባቡር አስመርቀው ፎቶ ተነስተው ተራውን ሰው ያው ወንበር አሳጥተው መሄዳቸውን ነው።

ሐዲድ ተከታይ

እዚህ ላይ አንድ ነን። ለአዲሱ አሴላ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ወንበሩ ከድሮው በአንድ አራተኛ ገደማ ይበልጣል፣ ባቡሮቹም 28 ናቸው፤ የድሮዎቹ 20 ነበሩ። ሁሉም ሲገቡ በቀን የሚሄደው ጉዞ ይጨምራል። ጠበቆቹ ወደዚያ ሲሄዱ ሪጅናሉ ላይ ለእኛ ወንበር ይለቃሉ። 160 ማይሉን ተወው፤ የእሱ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ለክሩ ባለቤት ደግሞ፦ በእኛ ዕድሜ? ቬጋስ ካልከሸፈ አዎ። ዲሲ ኒውዮርክ ላይ የጃፓን ዓይነት አዲስ መስመር፣ አይመስለኝም፤ ከባልቲሞር እስከ ኒውዋርክ ማን ቤቱን ያፈርስልሃል። ዋሻውና ሽቦው ሲያልቅ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል መድረስ ይቻላል። ማለትም 1969።

ሰላማዊት ጂ.

ከርዕስ ውጪ ከሆነ ይቅርታ፤ ጸጥታ የሚባለው ፉርጎ ውስጥ "ሃሎ! ሃሎ! ይሰማሻል ወይ! ባቡር ላይ ነኝ!" የሚሉ እናቶቻችንን ማን ይንገርልን? 😭 ባለፈው ኮንዳክተሯ ሦስቴ መጣች፤ እማማ ፈገግ ብለው ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ወሰደች እኮ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሃሃሃ ሰላም! የእኔ እናት ይሆናሉ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሪጅናሉን ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ያለውን አገኘሁ፣ ዋጋውም የሚቻል ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከክርስትናው መልስ ሪችመንድ ያለች እህቴ ጋ ልቀጥል አስቤ ነበር። ሪችመንድ ሁለት ጣቢያ አሳየኝ፤ የቱ ነው?

ማርታ ኤም.

ስቴፕልስ ሚልን ምረጥ። ባቡሩ በሙሉ እዚያ ይቆማል። ሜይን ስትሪት ያለው ያ ሰዓት ማማ ያለው ቆንጆው ሕንፃ ነው፤ መሀል ከተማም ነው፤ ግን እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ባቡር ብቻ ነው፣ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከልም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እህትህ በመኪና የምትቀበልህ ከሆነ ስቴፕልስ ሚል ፓርኪንጉም ይሻላል። ዲሲ ላይ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ አትነሳ፤ ወንበርህን ይወስዱብሃል።